ከአጣቢዎቹ አረፋ እስከ ሳይንስ ቤት፦ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እና የሳይንቲስት ኃላፊነት



የመጽሔቱ አዘጋጆች ለዘንድሮው መገናኛችን ስለ አንድ ቀደምት የዩኒቨርሲቲያችን ሰው እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ማንን ልምረጥ ብዬ ብዙ አልተጨነቅሁም። ለመጨረሻ ዓመት የሥነ ሕይወት ተማሪዎች የምርምር ሥነ ምግባር ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በየዓመቱ ትምህርቱን የምከፍተው በአንድ ሰው ሕይወት ነው፤ በፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ። አብዛኞቻችሁ ስማቸውን የምታውቁት በስማቸው ከተሰየመው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ነው። ስሙን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ሥራቸውን ጠይቁት ብትሉኝ ግን ከእንዶድ የሚያልፍ ጥቂት ሰው ነው።

ለምን እሳቸውን እንደምመርጥ ልናገር። ተማሪዎቻችን የሳይንቲስት ኃላፊነት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላቸው የአቶም ቦምብ ነው። ቀጥሎ ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ቅጽ። ቦምቡ ከእነሱ ኑሮ በጣም የራቀ ነው፤ ቅጹ ደግሞ ተሞልቶ፣ ማኅተም ተመቶበት የሚረሳ ወረቀት። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ነው ባዶ የሚቀረው፦ ማንን ልጠይቅ? ለማን ልሥራ? ያገኘሁት ነገር የማን ነው? ሳይረጋገጥ ልስጠው ወይስ እስኪረጋገጥ ሰው ይጎዳ? የአክሊሉ ሕይወት እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ያነሣል፤ ሁሉንም ግን አይመልስም። ለማስተማር የሚመቸኝም ስለዚሁ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።)

ወንዙ ዳር

አክሊሉ ለማ የተወለዱት በመስከረም 1935 ነው። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ሙያቸው የጥገኛ ሕዋሳት ጥናት ነው፤ በሰው ሰውነት ውስጥ ገብተው የሚኖሩ፣ የሚመገቡ፣ ቀስ እያሉ የሚገድሉ ተሕዋስያንን ማጥናት።

በ1964 ወደ አድዋ የወሰዳቸው ቢልሃርዚያ ነበር። ይህን በሽታ ላልተማሩት አጠር አድርጌ ላስረዳ። የታመመ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውኃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ የሚፈልገው አንድ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ነው፤ እሱን ካገኘ ውስጡ ገብቶ ይራባል። ከዚያ በሺዎች ሆኖ ይወጣና ውኃው ውስጥ እግሩን የነከረውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እረኛው፣ ውኃ ቀጂዋ፣ የሚዋኘው ልጅ፣ መስኖ የሚያጠጣው ገበሬ፣ ሁሉም ለሱ አንድ ነው። ትሉ አንጀትንና ጉበትን እየጎዳ ለዓመታት ይቆያል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ የተያዘው ሰው ብዛት በዚያ ዘመን ሲጠቀስ የኖረው ወደ 200 ሚሊዮን ነው። እንግዲህ ሰንሰለቱን ለመበጠስ ከሚቻልባቸው ቦታዎች አንዱ ቀንድ አውጣው ነው። እሱ ከሌለ ትሉ መሸጋገሪያ ያጣል።

ወጣቱ ተመራማሪ ወንዝ ለወንዝ እየሄዱ ቀንድ አውጣ ሲፈልጉ አንድ ነገር ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ በብዛት ይታያል፤ በሌላው የወንዙ ክፍል ግን እንዲህ የለም። ሴቶቹ የሚያጥቡት እንደ አያት ቅድመ አያታቸው በእንዶድ ነበር። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ይሠራል፤ ነጠላና ጋቢ ለማንጣት ከሱ የሚስተካከል የለም ይባላል። አክሊሉ ከወንዙ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰበሰቡና አንዷን አጣቢ ከአረፋዋ ትንሽ ጨምሪበት አሏት። ጨመረችበት። ቀንድ አውጣዎቹ ወዲያው ተኮማትረው ሞቱ።

ተማሪዎቼን እዚህ ላይ አቆማቸዋለሁ። ያንን ወንዝ ስንት የተማረ ሰው አልፎበታል? የሞተ ቀንድ አውጣ ማየት ዶክትሬት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጎንበስ ማለትን ነው። ሴትዮዋን ማነጋገር፣ ምን እንደምትጠቀም መጠየቅ፣ ከእሷ እጅ ያለውን ነገር እንደ ማስረጃ መቁጠር። ለኔ የሳይንቲስቱ የመጀመሪያ ኃላፊነት ይሄ ነው፤ ከየትኛውም ቅጽ ይቀድማል።

ከአረፋ ወደ ማስረጃ

አንዳንዶቻችን ታሪኩን እዚያው ወንዙ ዳር መጨረስ እንወዳለን። የአባቶች ጥበብ፣ አለቀ። አክሊሉ ግን እንዲህ አላደረጉም። በ1965 የመጀመሪያውን ሪፖርት ያሳተሙት እዚሁ አገር ውስጥ፣ በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ ነው። በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። በዚህ ተቋም እንዶድ ብቻ አልተጠናም፤ ካላዛርንና ቁንጭርን የሚያመጣው የሌሽማንያ ጥገኛም አንዱ የጥናት መስክ ነበር። አንድ ሰው አንድ ግኝት ካገኘ በኋላ ግኝቱን ይዞ ወደ ውጭ መሄድ እየቻለ ቤት ሲሠራለት ትልቅ ነገር ነው። ቤቱ ዛሬም ቆሟል፤ ከእናንተም መካከል እዚያ ውስጥ የሠራችሁ ትኖራላችሁ።

በ1970 የላቦራቶሪና የመስክ ውጤቱ በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ወጣ። በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከኬሚስቶች ጋር በተሠራ ሥራ ደግሞ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር ተለየ፤ ከሳፖኒን ወገን የሆነ፣ አረፋውንም የሚያስነሣው እሱው ነው። በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ።

ዋናው ፈተና ግን አድዋ ላይ ነበር። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በከተማው ያሉ ጅረቶች እዚያው አካባቢ በተለቀመ እንዶድ ታከሙ። ሥራው ሲጀመር ከሕዝቡ 63 በመቶው በቢልሃርዚያ ተይዞ ነበር፤ ሲያልቅ ወደ 34 በመቶ ገደማ ወረደ። አዲስ የተያዘውን ለማወቅ የሚበጀው የትንንሽ ልጆች ቁጥር ነው፤ በእነሱ ላይ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ ጸጥ ይላል። በምዕራብ ፋብሪካ የተሠራ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ኬሚካል አልነበረም። ከአጥር ሥር የተለቀመ ፍሬ ነው።

በ1974 አካባቢ የግብርና ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ወደ ሥራው ገቡ። የሕክምናው ሰው ያላየውን የግብርናው ሰው አየ፦ እንዶድ ሁሉ እኩል አይገድልም። ዓይነቱ ይለያያል፤ ሳይቀላ የተለቀመው ከቀላው ይበልጣል፤ ተባይ የሚቋቋም አለ፣ የማይቋቋም አለ። ከብዙ ዓይነቶች መካከል መርጠው ዓይነት 44 የተባለውን አወጡ። ስማቸው ከአክሊሉ ስም ጎን ብዙ ጊዜ ሳይጠራ ይቀራል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ እጠራዋለሁ፣ ምክንያቱም ይህም የሥነ ምግባር ትምህርት ነው። ግኝት የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም።

የረጅሙ ጥበቃ ዓመታት

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለማስተማር ከባዱ ነው። እንዶድ በአገር ደረጃ፣ ከዚያም በሌሎች የአፍሪካ አገሮች እንዲሠራበት የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ይሁንታ ያስፈልግ ነበር። ይሁንታው ደግሞ የመርዛማነት ምርመራ ይጠይቃል፤ ምርመራው ደረጃውን በጠበቀና ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ መሠራት አለበት። እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ እኛ አገር አልነበረም። ያለበት አገር ለማሠራት ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘብ ያለው አካል ደግሞ ምርመራው ሳይኖር አይሰጥም። ክቡ ይሄ ነው። በፋብሪካ የተሠራው ኬሚካል ከኋላው ኩባንያ አለው፤ ወጪውን ኩባንያው ይሸፍናል፣ ትርፉንም ኩባንያው ይወስዳል። ከአጥር ሥር ለሚለቀም ፍሬ ግን የሚከራከርለት ኩባንያ የለውም፤ ማንም አይሸጠውማ!

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ይቆጣሉ። ድሃ ስለሆንን ነው፣ ስላላመኑን ነው ይላሉ። አክሊሉ ራሳቸውም ከዚህ የራቀ አላሰቡም። በኋላ ዘመናቸው ደጋግመው ያነሡት ሐሳብ፣ ከአፍሪካ የሚወጣ ሳይንስ ትልቁ እንቅፋቱ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የአመለካከት ነው የሚል ነበር፤ በበለጸገው ዓለም ያለ ባለሙያ ከኛ በኩል ጥሩ ሳይንስ ሊመጣ ይችላል ብሎ ለማመን ይቸገራል፤ እኛም ራሳችን ቀስ በቀስ ይህንኑ እናምናለን።

እኔ ግን ቁጣው እንዲሁ እንዲያልፍ አልፈቅድም። ክፍሉን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ግማሹ የዓለም አቀፉን ድርጅት ቦታ ይይዛል፣ ግማሹ የአክሊሉን። የድርጅቱ ወገን እንዲህ ብሎ ያስባል፦ ሰው የሚጠጣበት ውኃ ውስጥ የሚጨመር ነገር ነው፤ እንዶድ ቀንድ አውጣ በሚገድልበት መጠን ዓሣም ይገድላል፤ ዓይንን ያቃጥላል፤ ሴቶች ለዘመናት አጥበውበታል ማለት ለዘመናት ጠጥተውታል ማለት አይደለም። ትክክል ናቸው። የአክሊሉ ወገን ደግሞ፦ እንዶድ ውኃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ይበሰብሳል፤ የአምስት ዓመት የመስክ ማስረጃ አለ፤ እናንተ ስትጠብቁ ልጆች እየታመሙ ነው፤ መጠበቅም ራሱ ውሳኔ ነው። እነሱም ትክክል ናቸው። ከዚህ ክርክር በኋላ ነው ተማሪው የሚገባው። ጥንቃቄ ኃላፊነት ነው፤ የጥንቃቄውን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ መጠየቅም ኃላፊነት ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚተው ሳይንቲስት ግማሽ ሥራ ሠርቷል።

አክሊሉ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተሻገሩ፤ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ለልማት በሚሠራበት ክፍል፣ በኋላም ፍሎረንስ ባለው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል አገለገሉ። እንዶድን ግን አልተዉትም። በ1983 ሉሳካ፣ በ1986 ምባባኔ ላይ የአፍሪካና የሌላው ዓለም ተመራማሪዎች ስለ እንዶድ ብቻ ለመምከር ተሰበሰቡ። የስዋዚላንዷ ኬሚስት ፕሮፌሰር ሊዲያ ማኩቡ በዚህ ሥራ አብረዋቸው ከቆሙት አንዷ ናቸው። የተፈለገው የመርዛማነት ምርመራም በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ታክሎበት ወደፊት ሄደ። ልብ በሉ፤ ወንዙ ዳር ከተደረገው ሙከራ ሃያ ዓመት አልፏል።

በ1989 አክሊሉና ለገሠ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን፣ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ሽልማቱ ለግኝቱ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ድሃ ሰው አቅሙ የሚፈቅድለት መከላከያ እንዲያገኝ ሳይታክቱ በመሟገታቸውም ጭምር ነው። ይህንን ነገር ደግሞ ደጋግሜ ለተማሪዎቼ እናገራለሁ። መሟገት የሳይንቲስት ሥራ አይደለም የሚል መምህር በኛም ግቢ አለና።

የፍሬው ባለቤት ማን ነው?

የመጨረሻው ምዕራፍ አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፓ በመርከብ ሚዛን ውኃ ውስጥ ተደብቆ የመጣ ትንሽ ባለ ቅርፊት የውኃ እንስሳ ታላላቆቹን ሐይቆች ወረረ። የሜዳ አህያ መሰል ሽንትር አለው፤ የውኃ ቧንቧ ውስጥ እየተጣበቀ ይደፍናል፣ ለከተሞችና ለኃይል ማመንጫዎች ትልቅ ወጪ ሆነ። በ1990 የኦሃዮው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለአክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሲሰጥ፣ እዚያ ካሉ ተመራማሪዎች ጋር እንዶድን በዚህ እንስሳ ላይ ሞከሩት። ሠራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለዚህ ጥቅም የፈጠራ መብት ተመዘገበ፤ አክሊሉ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆነው ተጽፈዋል፣ መብቱ ግን የዩኒቨርሲቲው ሆነ።

ታዲያ የአድዋ አጣቢዎች የት ገቡ? በሕጉ ዓይን የትም። ያገር ዕውቀት ሲወሰድ ስለሚነሣው ክርክር በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ የእንዶድ ጉዳይ እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ ኖሯል። ይህን ለተማሪዎች ሳነሣ አክሊሉን ለመክሰስም ሆነ ለማጥራት አይደለም። ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የሮጡለት ፍሬ፣ የአፍሪካ ልጅ ሲታመም ያላገኘውን ትኩረት የአሜሪካ ቧንቧ ሲደፈን አገኘ። ይህንን አይቶ የማይከነክነው ተማሪ ካለ ትምህርቴ አልሠራም ማለት ነው። እኔ ግን ከሱም አልፌ እጠይቃለሁ፦ እናንተ በነበራችሁበት ወረቀቱን ትፈርሙ ነበር? ካልፈረማችሁ ሌላ ይፈርመዋል፤ ከፈረማችሁ ደግሞ ለማን ብላችሁ? ሁሉንም የሚያስማማ መልስ እስካሁን ከክፍሌ አልወጣም። ባይወጣም ደስ ይለኛል፤ ቶሎ የሚስማማ ክፍል ያሳስበኛል።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በሚያዝያ 1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። እንዶድ እሳቸው እንደተመኙት በየወንዙ ቢልሃርዚያን የሚከላከል መደበኛ መድኃኒት ሆኖ አላዩትም። በመካከሉ ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል መጥቶ የመከላከሉ ሥራ ሚዛን ወደ ማከም ዞረ፤ እንክብሉ ድንቅ ነው፣ ነገር ግን ታክሞ የዳነው ልጅ ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ ቀንድ አውጣው አሁንም ይጠብቀዋል። ስለዚህ የአድዋው ጥያቄ ገና አልተዘጋም።

ለእኛ የቀረልን

የዚህ ሰው ሕይወት ለእኛ ለመምህራኑ የሚለው ነገር አለ። የምርምር ሥነ ምግባርን የአንድ ሴሚስተር ኮርስ አድርገን፣ ለአንድ መምህር ሰጥተን፣ ሌሎቻችን ነፃ ወጣን ብለን መቀመጥ አንችልም። ተማሪው ኃላፊነትን የሚማረው የመስክ ሥራ ላይ አማካሪው ገበሬውን እንዴት እንደሚያናግር አይቶ ነው። አንቺ ብሎ ያዛል ወይስ እናቴ ብሎ ይጠይቃል? ናሙናውን ወስዶ ይጠፋል ወይስ ውጤቱን ይዞ ይመለሳል? የዚህን መልስ በስላይድ ማስተማር አይቻልም።

እኔ በክፍሌ አንድ ትንሽ ነገር አስገብቻለሁ። እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ተማሪው አንድ ገጽ ይጽፋል፤ ሐሳቡን ከማን አገኘው፣ ዕፅዋቱን ወይም ቦታውን ማን አሳየው፣ ውጤቱ ለማን ይነገራል፣ ቢሳካ ማን ይጠቀማል፣ ቢበላሽ ማን ይጎዳል። መጀመሪያ ላይ ለማሟያ ያህል ነበር የሚጽፉት። አሁን አሁን ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ ያቺን ገጽ ነው በጉጉት የማነበው። አንዳንዱ ተማሪ ያቺን ገጽ ሲጽፍ የጥናት ርዕሱን ይቀይራል።

እናንተ ምሩቃን ደግሞ በመድኃኒት ፋብሪካ፣ በግብርና ምርምር፣ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ በውጭ አገር ላቦራቶሪ ተበትናችኋል። በየጠረጴዛችሁ ላይ የእንዶዱን ዓይነት ጥያቄ የያዘ ወረቀት አንድ ቀን ይመጣል፤ ምናልባትም መጥቷል። የትኛው ማስረጃ ይበቃል፣ ማን ይጠብቅ፣ ስሙ የማን ይሁን። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ሰዎች ወደ ግቢው መጥታችሁ ለተማሪዎቻችን ብታወሩልን የክፍላችን በር ክፍት ነው። የተሳካላችሁን ብቻ አይደለም የምንፈልገው፤ ያልተቋጨውንም ይዛችሁ ኑ። አክሊሉ ያወረሱን እኮ ያልተቋጨ ሥራ ነው፤ እሱን ተቀብሎ መቀጠል የኛ ፈንታ ነው።

መልካም መገናኛ ይሁንልን።